የደብር ደን፦ እንዴት እንደሚጎበኝ፣ እንዴት እንደሚጠበቅ

ጎጃም ውስጥ ከእርሻው መሀል ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ብቻውን ቆሞ ካዩ፣ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን መኖሩ አይቀርም። ዙሪያው ታርሶ ጤፍና በቆሎ ሲዘራበት፣ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው በቅጽሩ ተጠልለው ቀርተዋል። ብዙዎቹ ደኖች ጥቂት ሄክታር ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ ያስፈቅዱ። ካህኑን ወይም የኔታን ሰላም ብለው ደኑን ለማየት እንደመጡ ይንገሩ። ነጠላ ይልበሱ። ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል፤ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ነው፤ በጫካው ጥላ ሥር የበቀለውን ቡናም ያያሉ።

ከገቡ በኋላ ከተለመደው መንገድ አይውጡ። ጉሬዛውን ሽቅብ ሲያዩ ቆይተው፣ አንድ ትልቅ ወይራ ሥር ቁጢጥ ይበሉና የረገፈውን ቅጠል በእጅዎ ገለጥ ያድርጉ። ጣት የምታክል፣ አራት ቅጠል ያወጣች ችግኝ ካገኙ ደስ ይበልዎ፤ ደኑ ተተኪ አለው። የከብት ኮቴና እበት ብቻ ካዩ ግን ያሳስብዎ። የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት አይቆይም። እናት ዛፏ ከወደቀች ዘሩም አብሯት ይሄዳል።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት ከብት መከልከል ነው፤ ለዚህም ከድንጋይ ካብ የሚበልጥ አላየሁም። በበጋ፣ ሥራ ሲቀል፣ ከሰበካ ጉባኤውና ከአርሶ አደሮቹ ጋር ይምከሩ። ድንጋዩ ከማሳቸው ስለሚለቀም ለማረሻቸውም እፎይታ ነው። ትልልቁን ከታች ያድርጉ፣ ካቡንም ከዳር ዛፎቹ ጥቂት እርምጃ አርቀው ይካቡ፤ ወደ ውጭ የሚረግፈው ዘር እዚያ ይበቅላል። መግቢያው ጠባብ ይሁን፣ መዝጊያም ይኑረው።

ችግኝ የሚተከለው ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲደላደል ነው። ዘሩን ከዚያው ደን ይልቀሙ። የወይራ ፍሬ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ውስጡን ሳይጎዱ ሰንጠቅ ቢያደርጉት ቶሎ ይበቅላል። ባሕር ዛፍ ለደብሩ ገቢ እንደሚያመጣ አውቃለሁ፤ እባክዎ ከደኑ ርቆ፣ ለብቻው ይተከል። ሥሩ ውሃውን ይሻማል፣ ከሥሩም ብዙ ነገር አይበቅልም።

የሲሚንቶ መቃብርም በየዓመቱ ቦታ እየወሰደ ነው። ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋግረው አንድ ጥግ ያስወስኑለት።

የመጀመሪያው በጋ ለችግኙ ከባድ ነው። የአብነት ተማሪዎቹ ከምንጭ ሲመለሱ አንድ አንድ ጣሳ ውሃ እንዲያጠጡለት የኔታን ይለምኑ።