ፓይተንን ጭናችሁ ተርሚናሉ «አላውቀውም» ካላችሁ

የመግቢያ ፕሮግራሚንግ ኮርስ ጀምራችሁ ፓይተንን በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ከጫናችሁ በኋላ፣ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍታችሁ የፓይተንን ስም በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ፕሮግራሙ በመነሣት ፈንታ የማይክሮሶፍት ስቶር መስኮት ከተከፈተባችሁ፣ ጭነቱ ተበላሽቷል ብላችሁ እንደገና ለማውረድ አትቸኩሉ፤ በተለይ ዳታ በሜጋባይት ለሚገዛ ተማሪ ይህ ከንቱ ወጪ ነው። ይልቁንም ፒ እና ዋይ የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ጽፋችሁ ኢንተርን ተጫኑ። የስሪት ቁጥርና ከሥሩ ወደ ቀኝ የሚያመለክቱ ሦስት ቀስቶች ከታዩ ፓይተን በትክክል ተጭኗል።

ዊንዶውስ የተጻፈለትን ትእዛዝ የሚፈልገው ፓዝ በተባለው የአቃፊዎች ዝርዝር ውስጥ ሲሆን፣ ከፓይተን ይፋዊ ድረ ገጽ የሚወርደው የተለመደው ጫኚ በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ባለችው ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት ካላደረጋችሁ በስተቀር ፓይተንን እዚያ ዝርዝር ውስጥ አያስገባውም። ባለ ሁለት ፊደሉ አስነሺ ግን ሳጥኗ ባዶ ብትሆንም ዊንዶውስ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጣል።

ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) ስትጭኑም ፒፕን፣ ማለትም ላይብረሪ የሚጭነውን የፓይተን መሣሪያ፣ ብቻውን ከመጥራት ይልቅ እነዚያን ሁለት ፊደላት፣ ቀጥሎ ሰረዝና ኤም፣ ከዚያም ፒፕ ብላችሁ በመካከላቸው ክፍት ቦታ እየተዋችሁ ጻፉ። በአንድ ማሽን ላይ ሁለት የፓይተን ስሪቶች ሲኖሩ ላይብረሪው ወደማትጠቀሙበት ስሪት ገብቶ «ሞጁሉ የለም» የሚለው ስሕተት ጀማሪን ክፉኛ ያደክማል፤ በዚህ አጻጻፍ ግን ፕሮግራማችሁን በዚሁ አስነሺ እስካስኬዳችሁ ድረስ ላይብረሪው የሚገባበትና ፕሮግራማችሁ የሚሠራበት ስሪት አይለያዩም።

ማክና ሊኑክስ ላይ ይህ አስነሺ አብሮ ስለማይመጣ፣ እዚያ የፓይተንን ስም በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ 3 ቁጥርን ያለ ክፍት ቦታ አያይዙበት።