ገበያ ለሚወድ ሰው፦ መርካቶ ወርዶ ብር ይዞ እንዴት መመለስ ይቻላል?

ገበያ የማይወድ ሰው የሚሰጠው የቁጠባ ምክር ሁሌም አንድ ነው፦ አትውጡ። ይሄ ምክር ለእኔ ሰርቶ አያውቅም። ጨርቅ መዳሰስ፣ ዋጋ መጠየቅ፣ ከነጋዴ ጋር መከራከር እወዳለሁ፤ ደመወዝ ሲገባ እግሬ ራሱ ወደ መርካቶ ያዞረኛል። እንደኔ ከሆናችሁ መውጣታችሁ አይቀርም፤ ስለዚህ ስለ አወጣጡ እናውራ።

1. ወቅቱን ምረጡ

ዓመታችን 13 ወር ነው፤ ደመወዝ ግን 12 ጊዜ ነው የሚከፈለው። ጳጉሜን ያለ ደመወዝ ታልፎ እንቁጣጣሽ ይገባል፤ ከዚያ የልጆች ዩኒፎርምና ደብተር፣ መስከረም 17 ደግሞ መስቀል ይከተላል። ነሐሴ ላይ ለራሱ ልብስ የሸመተ ሰው መስከረምን የሚገፋው በብድር ነው።

በዓል ሲቃረብ የልጆች ልብስና ጫማ ዋጋው ይሰቀላል። ለፋሲካ የሚለበሰውን ከደብረ ዘይት በፊት፣ ለኢድ የሚሆነውን ረመዳን ሳይጋመስ ግዙ። የሀበሻ ቀሚስ የምታሰፉ ከሆነ ከዚህም ቀደም በሉ። ሽሮ ሜዳ በዓል ሲደርስ «ነገ ነይ» ይበዛል፤ ነገ ስትሄዱ ደግሞ የቸኮለ ሰው ዋጋ ትጠየቃላችሁ።

2. ብሩን ከስልክ አውጡት

በቴሌብርም ሆነ በሞባይል ባንኪንግ መክፈል ይመቻል፤ ችግሩም ይሄው መመቸቱ ነው። ለገበያ የመደባችሁትን በጥሬው ያዙ፣ ሌላው እዚያው ይቅር። ባለ 200ውን ኖት አንድ ቦታ፣ ዝርዝሩን ሌላ ኪስ አድርጉ። ከሌባ ያድናል፣ ለክርክርም ይረዳል፤ «ያለችኝ ይህችው ናት» ብላችሁ ቦርሳ ስትከፍቱ የተጠቀለለ ብር ብቅ ካለ ክርክሩ እዚያው አበቃ።

«ለልብስ ዕቁብ ልግባ?» ለሚሉኝ መልሴ አይሆንም ነው። ዕቁብ ለፍሪጅ፣ ለሶፋ፣ ለኪራይ ቅድመ ክፍያ ነው። ደግሞ ብዙ ሰው «ዕጣው መጨረሻ ላይ ይድረሰኝ፣ ይጠራቀምልኛል» ይላል፤ ዋጋ እንዲህ በሚሮጥበት ጊዜ ግን ቀድሞ የወጣለት ሰው በዚያው ብር የበለጠ ዕቃ ይገዛል። ምን እንደምትገዙ ቆርጣችሁ ካወቃችሁ ቀድሞ እንዲደርሳችሁ ዳኛውን ለምኑ።

3. ዋጋውን እወቁ (ዋናው ነገር እዚህ ነው)

ብዙ ሰው ቁጠባ ማለት ማስቀነስ ይመስለዋል። እውነተኛውን ዋጋ ሳያውቁ ማስቀነስ ግን በጭለማ መሄድ ነው። 1,400 የተባለውን ሹራብ ወደ 1,200 አስወርዳችሁ ደስ ብሏችሁ ትሄዳላችሁ፣ ጎረቤታችሁ በ1,000 ለብሳዋለች።

ስለዚህ ዋጋ የምታጣሩበት ቀንና የምትገዙበት ቀን ይለያይ። ለማጣራት ስትሄዱ የመመለሻ ትራንስፖርት ብቻ ያዙ። ጎን ለጎን ያሉ ሱቆችን አትጠይቁ፤ አንዱ የሌላው ወንድም ወይም ያገሩ ልጅ ነው፣ በዓይን ይግባባሉ። አንዱን ከፊት ለፊት፣ አንዱን ከህንጻው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ፣ አንዱን ራቅ ካለ ተራ ጠይቁ። ፎቅ ላይ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ኪራዩም ከመሬቱ ስለሚቀንስ ዋጋው ለስለስ ይላል።

አሁን ደግሞ የችርቻሮውን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። «ደርዘኑ በስንት ነው?» በሉ። ለሻጭ ሱቅ አለኝ ብሎ መዋሸት አያስፈልግም፤ «ስድስት ብንወስድስ?» ማለት ይበቃል። ደርዘኑ 10,800 ነው ከተባላችሁ አንዱ 900 ይመጣል። እሱም ሳያተርፍ አልሸጠም፤ ከዚያ በታች የሚሰጣችሁ ቸርቻሪ ስለሌለ ክርክራችሁ ከ900 እስከ 1,050 ባለው ውስጥ ነው። ይሄን ቁጥር ካወቃችሁ ድምፃችሁ ራሱ ይለወጣል፣ ነጋዴውም ይሰማዋል።

«የተጠራውን ግማሽ በሉ» የሚለው የድሮ ምክር አይጥመኝም። ነጋዴውም ሰምቶታል፤ እጥፍ አድርጎ ይጠራላችኋል። በትንሽ ትርፍ የሚሰራው ደግሞ ግማሽ ሲባል ይናደድና ፊቱን ያዞራል። የምታውቁትን ቁጥር አንድ ጊዜ ተናገሩ፣ ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ እሱ ይሙላው።

«የመጨረሻውን ንገረኝ ወንድሜ፣ አታመላልሰኝ።»
«ወላሂ የገባበት ነው እህቴ፣ ዶላር እኮ ጨመረ።»

ዶላሩ እውነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ንሯል፤ ከዚያ በፊት በጭንቅላታችሁ የያዛችሁትን ዋጋ እርሱት። ሆኖም ያው ሰበብ እዚሁ ለተሸመነ ጋቢም ይቀርባል። ዕቃው የት እንደተሰራ ጠይቁ፤ መልሱ ከተንተባተበ ለመቀነስ ቦታ አለ ማለት ነው።

ካልተስማማችሁ ሂዱ፣ የምር ሂዱ። ሁለት ሱቅ ሳታልፉ «ነይ፣ ነይ ውሰጂው» ከተባለ ዋጋችሁ ልክ ነበር። ካልተጠራችሁ አውርዳችሁታል፤ ትንሽ ጨምራችሁ መመለስ ነውር የለውም። ነጋዴ ይሄን አይቆጥርባችሁም።

ሁለት ነገር ያስከፍላችኋል። አንዱ ከመንገድ ተቀብሎ «ምን ፈለግሽ እህት?» እያለ ሱቅ ድረስ የሚያደርሳችሁ ደላላ ነው፤ የእሱ ድርሻ ከእናንተ ኪስ ነው የሚወጣው። ሁለተኛው አብራችሁ ያለችው ጓደኛ ናት። እናንተ ፊታችሁን አጨማዳችሁ ስትከራከሩ «ውይ፣ እንዴት ያምርብሻል!» ካለች ዋጋው ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አይልም። ውጭ ቆማ ትጠብቅ።

በቀና ዋጋ የሚሸጥላችሁ ባለሱቅ ስታገኙ ደንበኛ ያዙት፣ ስልኩንም ውሰዱ። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሲፈርስ እዚያ የነበሩት ሱቆች ተበተኑ፤ ስልክ የነበረው ሰው ነው ደንበኛውን ተከትሎ የሄደው።

4. ዕቃውን ፈትሹ

ዚፑን ሦስት አራት ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። ስፌቱን በሁለት እጅ ሳብ አድርጉና ወደ ብርሃን ያዙ። ደማቅ ቀለም ከሆነ ሶፍት በውሃ አርሳችሁ ከውስጥ በኩል እሹት፤ ሶፍቱ ከቀላ ወይም ከጠቆረ ሌላውን ልብሳችሁን ያበላሻል።

«ንጹህ ጥጥ ነው» ሲባል ከጫፉ አንድ ክር መዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ሲነካ ብን የሚል ግራጫ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሰራል። ባለሱቁ እንዳትፈትሹ ከከለከለ መልሱን አግኝታችኋል።

ሰልባጅ ላይ አንዳንዴ አዲሱ የማይደርስበት ጨርቅ ይገኛል፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ልባሽ አገር ውስጥ እንዳይገባ በህግ የተከለከለ ስለሆነ ደረሰኝም መመለስም የለም፤ ብብቱን፣ ኮሌታውን፣ የሱሪውን መቀመጫ እዚያው ካላያችሁ በኋላ ማንንም መውቀስ አትችሉም።

ምሽት ላይ መንገድ ዳር ስለሚሸጥ ጫማ ደግሞ፦ ሁለቱንም እግር ለኩ። የመስሪያ ቤታችን ልጅ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ስኒከር ስትገዛ ቀኙን ለክታ ብሩን ሰጠች። ግራውን ልትለካ ስትል «ደንብ መጣ!» ተባለ፤ ሻጩ የሸራውን አራት ጫፍ ሰብስቦ በትከሻው አድርጎ ጠፋ። ቤቷ ገብታ ስታየው ቀኙ 38፣ ግራው 39 ነው። አሁንም በሁለት ካልሲ ታደርገዋለች።

5. ተካፈሉ

ካልሲ፣ የውስጥ ሱሪ፣ ሳሙና፣ ፎጣ በፍሬ መግዛት ለእኔ ብክነት ነው። አራት አምስት ሆናችሁ ደርዘን አንሱ፤ ቅርጫ የምንካፈለው ሰዎች ይሄን እንዴት እንደምናደርገው ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ሰው ብቻ ይሂድ፣ ትራንስፖርቱን ሁላችሁም ቻሉት። ብሩ አስቀድሞ ይሰብሰብ። «ማታ እሰጥሻለሁ» የምትል አትጠፋም።

6. አመላለስ

ከስታዲየም ወይም ከሜክሲኮ በቀላል ባቡር አውቶብስ ተራ መውረድ ይቻላል። ያተረፋችሁትን ለራይድ ከፍላችሁ መመለስ የለም፤ በጅምላ የገዛችሁት ከባድ ዕቃ ካልሆነ በቀር።

7. መቀየር

ብዙ ሱቅ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ለጥፏል። ለመመለስ ባይሆንም ለመቀየር ግን ብር ከመስጠታችሁ በፊት ከጠየቃችሁ አብዛኛው እሺ ይላል። «ካልሆነኝ በልክ ትቀይርልኛለህ?» በሉና ቀኑን በሱቁ ካርድ ጀርባ አስጽፉት፣ መለያውን አትቁረጡ። ስልክ፣ ምጣድ፣ ኤሌክትሪክ ነክ ነገር ከሆነ ደግሞ ያለ ደረሰኝ አትውሰዱ፤ 15 በመቶ ቫቱን ለማስቀነስ ተብሎ ዋስትና አይጣልም። ለመቀየር የምትሄዱት ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት ገና ምንም ሳይሸጥ ዕቃ መልሶ በደስታ የሚቀበል ነጋዴ እስካሁን አላየሁም።