ሱሉልታ ወጣት ሠዓሊ ዘንድ ሥዕል ለማየት ሲሄዱ

በጠዋት ይውጡ። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዘው እንጦጦን ተሻግረው ከ4 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ይድረሱ። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ አለ፣ መብራትም ይጠፋል፤ በአምፖል ያዩት ሰማያዊ ደግሞ ቤትዎ ሲደርስ ሌላ መልክ ይዞ ይጠብቅዎታል። ለጭቃው ቦቲ ያድርጉ። ከግቢው በር ይደውሉ፣ ውሻው ሳይታሰር አይግቡ። ግማሽ ኪሎ ቡና መያዝ ያምራል።

1 ሜትር ስፋት ያለውን ሥዕል መጀመሪያ 3 ሜትር ያህል ርቀው፣ ሳይናገሩ ለ5 ደቂቃ ይዩት። ቀጥሎ ቀርበው የብሩሹን አካሄድ ይከተሉ። በመጨረሻ ከጎን ይዩት፤ ብርሃን ገጹን ታክኮ ሲያልፍ ስንጥቁና እብጠቱ ይወጣል። «ምን ለማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ጨዋታውን ይዘጋዋል። የቱ ጋ ተደምስሶ እንደ አዲስ እንደተሠራ ይጠይቁ፤ ሠዓሊው በልቡ ያለውን የሚያወጣው ያኔ ነው። ያላለቀ ሥራ ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሱ።

ሊገዙ ካሰቡ ጀርባውን ያስገልብጡ። ዘይት ጠልቆ ቢጫ ነጠብጣብ ከሠራ፣ ሸራው ከሥር የሚቀባውን ነጭ ቅብ በደንብ አላገኘም፤ ዘይቱ ውሎ አድሮ ክሩን ያደርቅና ያሰባብረዋል። አቡጀዲ ላይ የግድግዳ ቀለም ተቀብቶ የተሠራ ከሆነም ሲጠቀለል ሊሰነጠቅ ስለሚችል ከነፍሬሙ ይውሰዱት።

ብዙ ሥዕል የሚበላሸው ግን በጉዞ ላይ ነው። አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) በሰዓታት ይደርቃል። የዘይት ቀለም በሱሉልታ ብርድና እርጥበት ይዘገያል፣ ወፍራም የተቀባው ሳምንታት ይፈጃል፤ ላዩ ደርቆም ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። በጣት አይሞክሩት፣ መቼ እንዳለቀ ይጠይቁ። ካልደረቀ ቀብድ ከፍለው እዚያው ይተዉት። የደረቀውን መጠቅለል ግድ ከሆነ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የፕላስቲክ ቱቦ ላይ፣ ቀለሙን ወደ ውጭ አድርገው ይጠቅልሉ፤ ወደ ውስጥ ሲሆን ቀለሙ ይጨማደዳል። ጋዜጣና ፌስታል ስለሚጣበቁ ፊቱን አያስነኩት።

ዋጋው ፍሬሙን እንደሚጨምር ያረጋግጡ። ከበደዎት ዋጋ ከማስቀነስ በሁለት ሦስት ጊዜ ለመክፈል መጠየቅ ይሻላል፤ ለጀማሪ የቀነሰ ዋጋ ለቀጣዩ ገዢም መነሻ ይሆንበታል። የሠዓሊውን ስም፣ የሥዕሉን ርእስና የተሠራበትን ዓመት ከጀርባ ያስጽፉ። ዓመቱ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር አብሮ ይጻፍ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ኋላ የሥራዎቹን ቅደም ተከተል ያዛባል።