ሐዲድ ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶን ቁረጡ

ለቡም ሆነ ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሞዴል ባቡር መዘርጋት አስባችሁ ቦታ ለጠበባችሁ፦ መጀመሪያ ኩርባውን በፍሪጅ ካርቶን ላይ በልኩ ሳሉት። ሚስማር ተክላችሁ፣ 36 ሳንቲሜትር ክር አስራችሁ፣ ጫፉ ላይ እርሳስ ይዛችሁ አዙሩ። በ1:87 መጠን (ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ) ለሚሠራ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ይህ ይበቃል፤ ሙሉው ክብ ከዳር ትርፉ ጋር 85 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ይፈልጋል።

ቆርጣችሁ ቦታው ላይ አንጥፉትና በሩን ክፈቱ፤ ይነካዋል? ባቡሩ ከሐዲዱ ቢወጣ እጃችሁ እስከ ግድግዳው ጥግ ይደርሳል? ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄኛውን ነው።

ባለ አራት ጎማ ሎኮሞቲቮች የፊትና የኋላ ጎማቸው ስለሚቀራረብ በጠባብ ኩርባ አይቸገሩም። በለቡ በኩል እንደሚያልፈው የጅቡቲ ባቡር ረጃጅም ፉርጎ መጎተት ካማራችሁ ግን ይህ ልክ አይሆንም፤ ኩርባው ላይ ጫፋቸው ወደ ውጭ፣ መሃላቸው ወደ ውስጥ ወጥቶ አጠገባቸው ያለውን ይገጫሉ።