የመኪና ሞላ እንዴት ይመረመራል? እንዴትስ ይመረጣል?

መኪና ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ወይም ኋላው ሲወርድ ብዙ ሰው ቶሎ የሚቀይረው አሞርዛተሩን ነው። ክብደቱን የተሸከመው ግን ሞላው (የተጠቀለለው ብረት) ነው፤ አሞርዛተሩ የተሠራው የሞላውን መንጠር ለማብረድ ነው። ስለዚህ ቁመቱ የወረደ መኪና ምርመራው ከሞላው ይጀምር።

መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ፣ ጭነቱን ያራግፉ፣ የጎማዎቹን አየር ያስተካክሉ። ፊቱንና ኋላውን ጫን ጫን አድርገው ይልቀቁት። ከዚያ ከቸርኬው መሃል ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ይለኩ። ከመሬት ከለኩ የጎማው ማለቅም በልኬቱ ውስጥ ይገባል።

በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ካለፈ ችግር አለ። ሆኖም ዝቅ ያለው ማዕዘን ሁልጊዜ ጥፋተኛው አይደለም፤ ከፊት አንዱ ሞላ ሲደክም ኋላውንም አብሮ ያዘነብለዋል። ለመለየት የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ይያዙና ፊቱን ከመሃል ባለው የክሪክ ቦታ ብቻ ያንሱ። ኋላው ቀጥ ካለ ችግሩ ከፊት ነው፤ እንዳዘነበለ ከቀረ የኋላውን ሞላ ይመርምሩ። ይህን ሲያደርጉ ከመኪናው ሥር አይግቡ።

ስብራት በብዛት የሚገኘው በታችኛው ዙር ላይ ነው። ጭቃና ውሃ እዚያ ይጠራቀማል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ስንጥቁም ከዝገቱ ይነሳል። የተሰበረው ጫፍ መቀመጫው ውስጥ ተደብቆ ስለሚቀር አጥበው በባትሪ መብራት ዙሪያውን ይዩት። ዙሮቹ እርስ በርስ ተፋጭተው ያብለጨለጩበት ቦታ ካለም ሞላው እየተኛ ነው ማለት ነው።

ሲገዙ በሞዴሉ ስም ብቻ አይመኑ። ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ሲለያይ ሞላውም ሊለያይ ስለሚችል በሻንሲ ቁጥር (በመኪናው መለያ ቁጥር) ይፈልጉ፤ በሞላው ላይ የተቀባውን የቀለም ምልክትም ያመሳክሩ። የብረቱን ውፍረት በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ይለኩ። ጥንካሬው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ 12 ሚሊ ሜትር የነበረው 13 ቢሆን 38 በመቶ ገደማ ይጠነክራል፤ ይህን ዓይን አይለየውም። የዙሮቹን ብዛት፣ የውጭውን ስፋትና የጫፉን ቅርጽም ያስተያዩ። ተጭኖ የማያውቅ ሞላ ቁመት ብቻውን ያታልላል፤ እኩል የሚመስሉ ሁለት ሞላዎች ክብደት ሲያርፍባቸው እኩል ላይቀመጡ ይችላሉ።

ሞላ አይቆረጥ፣ በእሳትም አይሞቅ። የተቆረጠው ከሚገባው በላይ ይጠነክራል፣ ጫፉም መቀመጫውን ያጣል፤ የሞቀው ደግሞ ጥንካሬውን ያጣል። ዙሮቹ መካከል ጎማ መሸጎጥም መፍትሔ አይደለም። የአንድ አክስል ሁለቱንም አብረው ይቀይሩ።

የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሊገድል ይችላል። ጠንካራ መጭመቂያ ከሌለዎት ሥራውን ለባለሙያ ይስጡ፤ ካለዎት ሁለቱን መንጠቆዎች በትይዩ አድርገው እኩል ያጥብቁ፣ ሞላው መቀመጫውን እስኪለቅ የአሞርዛተሩን የላይኛ ዳዶ አይንኩ። አዲሱ ሲገባ የመቀመጫው ጎማ ይቀየር፣ የሞላው ጫፍ ከመቀመጫው ማቆሚያ ጋር ይግጠም። የጎማ ቡሽ (በመጋጠሚያው ውስጥ ያለ የጎማ ቀለበት) ያለባቸው ቡሎኖች የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት መኪናው በጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ መኪናው በአየር ላይ እያለ ካጠበቋቸው ቡሹ ተጠማዞ ቶሎ ይቀደዳል። ጥቂት ከነዱ በኋላ ቁመቱን እንደገና ይለኩና አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ያሠሩ።