ፓስፖርቱን ያዙ፣ ኮፒውን አይደለም፦ የሁለቱን ኮሪያዎች ድንበር አይቶ ለመመለስ

እኛ ጎንደሮች ጠረፍ ሲባል የሚታየን መተማ ነው። ሰሊጥ የጫነ መኪና፣ ሙቀት፣ ሻይ፣ ወዲያ ማዶ ጋላባት። አገር ሰላም በሆነ ጊዜ ሰው ይሻገራል፣ ነግዶ ይመለሳል። ለዚህ ነው ኮሪያ ለአጭር ስልጠና ሄጄ፣ የሁለቱ ኮሪያዎች ድንበር ላይ ውዬ መምጣቴን ስነግራት እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፦ «ታዲያ ተሻገርክ?»

አይሻገሩትም አልኳት።

«እንግዲያ ምን ልታይ ሄድክ?»

ከዚያ ወዲህ ለስልጠና ወይ ለትምህርት ወደ ሴኡል የሚሄድ ሰው ሁሉ ቡና ላይ እየያዘኝ ይኼንኑ ነገር ይጠይቀኛል። እንዴት ነው የሚኬደው፣ ስንት ነው፣ አያስፈራም ወይ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ቦታው ዲኤምዚ ይባላል። በአማርኛ ከጦር ነፃ ቀጠና እንደ ማለት ነው። በስሙ ግን አትሸወዱ። መካከሉ ባዶ ይሁን እንጂ ግራና ቀኙ ወታደር፣ ሽቦና ፈንጂ ነው። የኮሪያ ጦርነት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 27 ቀን 1953፣ በእኛ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በተኩስ አቁም ቆመ። የሰላም ስምምነት እስከ ዛሬ አልተፈረመም። ያኔ ሁለቱም ወገን ውጊያው ከቆመበት መስመር ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ አለ። እንዲህ ሆኖ 4 ኪሎ ሜትር ስፋትና 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው መሬት ሰው የማይኖርበት ሆኖ ቀረ ማለት ይቻላል። ከሴኡል ያለው ርቀት 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከጎንደር አይከል እንኳ አይሞላም። አሥር ሚሊዮን ሰው ገደማ የሚኖርበት ከተማ አጠገብ!

አሁን ወደ ጉዳዩ። ፓስፖርት። ዋናው። ኮፒ አይደለም፣ ስልክ ላይ ያለ ፎቶም አይደለም። እኛ እንግዲህ ኮፒ የለመድን ሰዎች ነን፤ የመታወቂያ ኮፒ፣ የዲግሪ ኮፒ፣ የልደት ካርድ ኮፒ፣ ዋናው ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። እኔም በዚሁ ልማድ ዋናውን ማደሪያዬ ሻንጣ ውስጥ ቆልፌ፣ ኮፒውን ለሁለት አጥፌ ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። አስጎብኚዋ ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ አየችው፣ ፈገግ አለች፣ መልሳ አጥፋ ሰጠችኝ። ባሱ ሄደ። ገንዘቤም አብሮት ሄደ። ድንበሩን ያየሁት በሳምንቱ ነው፣ ድጋሚ ከፍዬ።

በራሴ እሄዳለሁ የምትሉ ኢምጂንጋክ የሚባለው መናፈሻ ድረስ መሄድ ትችላላችሁ። እዚያ ፓስፖርት አሳይታችሁ ቲኬት ትቆርጣላችሁ፣ በተመደበው ባስ ትገባላችሁ። ቲኬቱ ግን ለቀደመ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ በእግርም በታክሲም ዘው ብሎ መግባት የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አስጎብኚ ድርጅት ይሻላል። የግማሽ ቀኑ ጉብኝት ብዙውን ጊዜ ከ50 ሺህ ዎን ወደ ላይ ነው። ቢያንስ ከሳምንት በፊት ያዙ። የግማሽ ቀኑ ይበቃል። ሙሉ ቀን የሚባለው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር፣ ተንጠልጣይ ድልድይ ምናምን ጨምረውበት ነው።

ሰኞን ተዉት፣ ዝግ ነው። የእነሱን ብሔራዊ በዓላትም እንደዚሁ። ደግሞ የወታደር ቦታ ስለሆነ በድንገት ሊዘጋ ይችላልና ለመመለሻ በረራችሁ ዋዜማ አታስቀሩት። ሰዓቱን በተመለከተ፣ «7:00» ብለው ከጻፉላችሁ የጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ይኼ ምን ይነገራል አትበሉኝ፣ አብሮኝ የሰለጠነ ጎበዝ ሐኪም ነው ምሳ ሰዓት ላይ መነሻው ቦታ ሄዶ ቆሞ የተገኘው።

ባስ ውስጥ በግራ በኩል መስኮት ያዙ። መንገዱ የሃንን ወንዝ ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ትንሽ እንደሄዳችሁ ወንዙ ዳር የሽቦ አጥርና የጥበቃ ማማ ይጀምራል። ማዶው ሰሜን ኮሪያ የሚሆንበት ቦታ አለ፣ ወንዝ ብቻ ነው የሚለያችሁ። በቀኝ በኩል የተቀመጠ ሰው ይኼ ሁሉ ያመልጠዋል።

መጀመሪያ የሚቆመው ኢምጂንጋክ ነው። እዚህ አስጎብኚው ለቲኬት ስለሚሰለፍ ጊዜ ይኖራችኋል። ብዙ ሰው ቡና ፍለጋ ይሄዳል። እናንተ ወደ አሮጌው ባቡር ሂዱ። ጦርነቱ ላይ ተመትቶ የቀረ የእንፋሎት ባቡር ነው፣ ከ1,000 በላይ የጥይት ቀዳዳ አለበት። አጠገቡ የነፃነት ድልድይ የሚሉት አለ፤ ከተኩስ አቁሙ በኋላ ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ ምርኮኞች በዚያ ተሻግረው ወደ ደቡብ ገብተዋል። ከእነሱ መካከል የእኛ ሰው አልነበረም። በዚያ ጦርነት ከደቡብ ጎን የተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር፣ ቃኘው፣ አንድም ሰው ሳይማረክበት የተመለሰ ጦር ነው። ድልድዩ ጫፍ ላይ ያለው አጥር ላይ በየቀለሙ ሪባን ታስሮበታል፣ ወዲያ ማዶ ዘመድ የቀረባቸው ሰዎች የሚጽፉበት። አዲስ ዓመታቸው ሲመጣ እዚያው ወደ ሰሜን ዞረው ይሰግዳሉ።

ከኢምጂንጋክ ወጥታችሁ የውህደት ድልድይ የሚባለው ጋ ስትደርሱ ኬላው ነው። እንደኛ አገር ውረዱ፣ ሻንጣ ክፈቱ የለም። አንድ ጢሙ ገና ያላጎነቆለ ወታደር ባሱ ላይ ይወጣል፣ ፓስፖርቱን ያያል፣ ፊታችሁን ያያል፣ ያልፋል። ስልካችሁን እዚህ አታውጡ። ለቀልድም ቢሆን አታውጡ።

የዚህ ድልድይ ታሪክ ለእኛ ሰው የሚጥም ነው። የሂዩንዳይ መሥራች ቹንግ ጁ ዩንግ የተወለደው አሁን ሰሜን በሆነው አገር ነው። ልጅ እያለ አባቱ ላም የሸጡበትን ገንዘብ ይዞ ወደ ሴኡል ጠፋ። ሀብታም ሆኖ ካረጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በሁለት ዙር 1,001 ከብት በጭነት መኪና አስጭኖ በዚሁ ድልድይ አልፎ ለሰሜን ኮሪያ ሰጠ። የአንዲት ላም ዕዳ መሆኑ ነው። ይኼን ለአጎቴ ስነግረው ትንሽ አሰበና «ስድሳ ዓመት ስትወልድ ብትኖርማ ከዚያም ይበልጥ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ዋሻው። የጉዞው ዋና ነገር እሱ ነው። ሰሜን ኮሪያ ድንበሩን ከሥር ቆፍራ ያዘጋጀቻቸው አራት ዋሻዎች ተገኝተዋል። የምትገቡበት ሦስተኛው ነው፣ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1978። ርዝመቱ 1,635 ሜትር፣ ጥልቀቱ 73 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 30 ሺህ ወታደር ያሳልፋል ይላሉ ደቡቦቹ። እሱን እነሱ ይወቁ። ቦርሳና ስልክ መቆለፊያ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፣ ሄልሜት ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ ከ350 ሜትር በላይ ቀጥ ያለ ቁልቁለት። መውረዱ ቀላል ነው፣ እየተሳሳቁ ነው። ከታች ዋናው ዋሻ ሲጀምር ሳቁ ይቆማል። ይጠብባል፣ ያጎነብሳችኋል፣ ከላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከፊታችሁ ያለው ሰውዬ ሄልሜት ድንጋዩን ኳ ሲያደርግ ከኋላ ያለው ሁሉ አንገቱን ይሰብራል። ሄልሜቱን ለይስሙላ መስሎኝ ነበር። ሦስቴ አድኖኛል።

ግድግዳውን አስተውሉ። ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ሲነቃባቸው ሰሜኖቹ «የከሰል ማዕድን ነው የምንቆፍረው» ብለው ድንጋዩን ከሰል ለቀለቁት። ድንጋዩ ግን ግራናይት ነው፣ ከሰል የሚባል የለበትም። የድማሚት ጉድጓዶቹም ወደ ደቡብ ነው የሚያመለክቱት። መጨረሻው ላይ የሲሚንቶ ግድግዳ ያቆማችኋል። ከዚያ ወዲያ ድንበሩ 170 ሜትር ነው የሚቀረው። ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ በእሷ ስታዩ የሚታየው ሌላ ግድግዳ ነው። ሰው ሁሉ ተራ ጠብቆ ያቺን ቀዳዳ አይቶ ይመለሳል። እኔም አየሁ።

መመለሻው ዳገት ነው። ጎሃ ሆቴል በእግሩ ወጥቶ የሚያውቅ ልኩን ያውቀዋል። ልብ፣ አስም ወይም ጉልበት የሚያስቸግረው ሰው ይቅርበት። ጠባብ ቦታ የሚያፍነው ሰውም እላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ፣ ነውር የለውም። ጫማ ደግሞ ስኒከር። ለፎቶ ብላችሁ ሌላ ነገር አታድርጉ፣ ዋሻው ውስጥ ፎቶ የለም።

ቀጥሎ የዶራ ማማ። በመነጽር ሰሜን ኮሪያን የምታዩበት ነው። የኬሶንግ ከተማ ይታያል፣ ሁለቱ አገሮች አብረው ይሠሩበት የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2016 የተዘጋው የፋብሪካ መንደርም ይታያል። መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ግን ሁለቱ ባንዲራዎች ላይ ነው። ደቡቦቹ ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ ምሰሶ አቆሙ። ሰሜኖቹ 160 ሜትር አቁመው መለሱላቸው። የፋሲል ግንብ 32 ሜትር ገደማ ነው፣ አምስት ፋሲል ደራርባችሁ አስቡት። እንደ ሰፈር ልጆች «የኔ ይበልጣል» መባባል መሆኑ ነው፣ በብረትና በሲሚንቶ። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ዝናብና ጭጋግ ስለሆነ ይኼ ሁሉ ላይታይ ይችላል። በጥቅምት ከሄዳችሁ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በጥር ሰማዩ ጥሩ ነው፣ ብርዱን ግን ደባርቅ አይችለውም።

ማስታወቂያ ላይ ሰማያዊ ቤቶችና ፊት ለፊት የቆሙ ወታደሮች ካያችሁ ያ ፓንሙንጆም ነው፣ ሌላ ጉብኝት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 አንድ አሜሪካዊ ወታደር ከጎብኚዎች መካከል ሮጦ ወደ ሰሜን ከገባ በኋላ ዘግተውት ነበር፣ ከዚያ ወዲህም እንደ ልብ የሚገባበት አይደለም። ፎቶውን ግን ድርጅቶቹ አሁንም ይለጥፉታል። ከመክፈላችሁ በፊት «ፓንሙንጆም ይገባል ወይስ አይገባም?» ብላችሁ ቁርጡን ጠይቁ።

ጾም ከሆነ ስንቅ ያዙ። ቢቢምባፕ የሚሉት ሩዝ በአትክልት አለ፣ እንቁላልና ሥጋ አታድርጉበት ማለት ይቻላል። ኪምቺው ግን አትክልት ቢመስልም ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ መረቅ አለበት። እኔ ሁዳዴውን ግማሽ ኪምቺ እየበላሁ ከቆየሁ በኋላ ነው የሰማሁት።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ደግሞ ቹንቾን ሂዱ። ከሴኡል በባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ እዚያ ነው፣ ጣሪያው የእኛን ጎጆ ቤት አስመስለው የሠሩት። ፊት ለፊቱ ያለው ሐውልት ሲመረቅ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ ጃንሆይ ራሳቸው ተገኝተዋል። ቃኘው የራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው። ጦሩ በ1943 ዓ.ም. ሄደ፣ ከ120 በላይ ሰው ሞተበት፣ ከ500 በላይ ቆሰለበት። የተዋጉባቸው ተራሮች አንዳንዶቹ ዛሬ እዚያው ቀጠና ውስጥና አጠገቡ ናቸው። እንግዲህ መነጽሩ ላይ ዓይናችሁን ስታሳርፉ ይኼን ብታውቁ አይከፋም።

ሰፈራችን አንድ አባት ነበሩ፣ የቃኘው ዘማች። ከመሄዴ በፊት ተሰናብቻቸው ስለነበር ስመለስ ቡና ላይ ጠሩኝ። ባንዲራውን፣ ዋሻውን፣ ላሞቹን ሁሉ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና «ተራራው አሁን ዛፍ አለው?» አሉ። አለው አባባ፣ ጫካ ነው አልኳቸው። ስልኬን ሰጠኋቸው። ራቅ አድርገው ያዙት፣ ቀረብ አደረጉት፣ ሥዕሉን በጣታቸው ወዲያ ወዲህ ገፉት። «ያኔ የምንከለልበት አንድ ቁጥቋጦ አጥተን ነበር» አሉና ስልኩን ሳይመልሱልኝ ሁለተኛው ቡና ተቀዳ።

ፎቶውን ያነሳሁት ማማው ላይ ነው፣ አስጎብኚዋ እዚህ ቁሙና አንሱ ያለችን ቦታ። ባትሪያችሁን ለዚያ አስቀሩለት።