«ግልገል ናት» የተባለችው እንሹ፦ ችግርና መፍትሄ

እንሹን (ዲክ ዲክ የምትባለውን ትንሽ የዱር እንስሳ) ለማየት ስትወጡ፦ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር መያዝ፣ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ መውጣት፣ ደማቅ ልብስ አለመልበስ። ይህን ታውቁታላችሁ፤ ልለፈው።

ችግር፦ ድንጋይ ላይ ቆማለች።
እንሹ አይደለችም፣ ገደል ላይ የምትኖረው ሰስ ናት። በሰኮናዋ ጫፍ መቆሟን እዩ፣ አለቀ።

ችግር፦ ትንሽ ናት፣ ቀንድ የላትም፤ «የሚዳቋ ግልገል!» ተባለ።
ይሄን ሳልሰማ የተመለስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ያደገች እንሹ ቁመቷ ከመሬት እስከ ትከሻዋ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ክብደቷም ከ3 እስከ 6 ኪሎ ገደማ። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። የእሱም አጭር ስለሆነ ግንባሩ ላይ ያለው ቁንጮ አንዳንዴ ይሸፍነዋል።

ስለዚህ መጠኗን ተዉትና ፊቷን እዩ። አፍንጫዋ ሾል ብሎ የወጣ ነው፣ ይነቃነቃል። ዓይኗን ነጣ ያለ ቀለበት ይከበዋል። ከዓይኗ ፊት ጥቁር ነጥብ አለ፤ ግዛቷን የምታመለክትበት እጢ ነው። አንድ እንግዳ ነጥቡን አይቶ «ዓይኗ ታሟል፣ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ጥሩልኝ» ብሎ ድርቅ አለ። ምን ይባላል?

ሚዳቋ ግን ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ ጥቁር መስመር ይወርድባታል፣ ጅራቷም ይታያል። የእንሹ ጅራት ካለ አይቆጠርም። ሌላው ሰውዬ በስልክ ዙም ያነሳውን ጭቃ የመሰለ ፎቶ ዘርግቶ ሲከራከረኝ ዋለ። እባካችሁ፣ የስልክ ዙም መጀመሪያ የሚያጠፋው ፊቷን ነው!

አሁንም ካልለየላችሁ አካባቢዋን ቃኙ። እንሹዎች ጥንድ ሆነው ነው የሚኖሩት። ወንዱ ብቅ ሲል ከቁንጮው መሃል ቀንዱን ፈልጉ፤ ካያችሁት ክርክሩ ይቆማል።

የእውነት ግልገል ተኝታ ካገኛችሁ አትንኩ። አታንሱ። «እናቷ ጥላት ሄዳ ነው» ብላችሁ አቅፋችሁ አትምጡ! እናቷ ደብቃት ነው፤ ልታጠባት ትመለሳለች።

ችግር፦ ታየች፣ ወዲያው ጠፋች።
አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የመኪና በር ነው። አታሳዷት። ዚግዛግ እየሮጠች ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች እንጂ ግዛቷን ለቃ ርቃ አትሄድም። ሞተር አጥፍታችሁ ጠብቁ። የበጠጥ ክምር ካያችሁ እዚያው ቆዩ፤ ተመላልሰው የሚጥሉበት ቦታ ነው።

ችግር፦ እንሹ መሆኗ ታወቀ፤ የትኛዋ ዝርያ?
የት ነው ያያችኋት? አዋሽ ፓርክ ከሆነ የሶልት እንሹ፣ ነጭ ሳር ከሆነ የጉንተር እንሹ ናት። የጉንተሯ አፍንጫ ይበልጥ ይረዝማል።